የሽልማቱ ክዳንና ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኸው ጃንጥላ

ጥያቄ፦

«የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚነሡበት አጠገብ ባለች ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የካቲት 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ተሳልሁ። የራሴን ሱቅ መክፈቻ ገንዘብ ካገኘሁ ጃንጥላ አገባለሁ አልሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የለስላሳ ፋብሪካ የሽልማት ፕሮሞሽን ጀመረ። ሽልማቱ የተጻፈው በፕላስቲክ ክዳኑ ውስጥ ነው። አንድ ማታ ፍሪጁን ስሞላ ጠርሙሱን አዘንብዬ በስልኬ መብራት አየሁት። ሳይከፈት ጽሑፉ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በገባ ቁጥር ሽልማት ያለባቸውን እለያለሁ። ዋጋቸውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ራሴ እወስዳለሁ። ብዙ የሞባይል ካርድ አግኝቼ ሸጥሁ። ቴሌቪዥንም ደርሶኛል። የሱቁን አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ማስታወቂያውም አዘንብሎ ማየት ክልክል ነው አይልም። ፋብሪካው ሀብታም ነው፤ ስህተቱም የራሱ ነው። ለእኔ እመቤታችን የከፈተችልኝ በር ነው የሚመስለኝ። አሥራቱን አውጥቻለሁ፤ ጃንጥላውንም ልገዛ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን ‹ይሄ ነገር ኃጢአት እንዳይሆንብህ› አለኝ። ከዚያ ጀምሮ ልቤ ሰላም አጣ። ምን ይሉኛል?»

መልስ፦

ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ልብህ ሰላም ማጣቱን ሳነብ ደስ አለኝ። በጭንቀትህ መደሰቴ ግን አይደለም። ኅሊናው የደነደነ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ጓደኛህንም አመስግነው። ፊት ለፊት እንዲህ የሚል ወዳጅ በቀላሉ አይገኝም።

ስለ አሥራትና ስለ ስለት ሥርዓት አላስተምርህም፤ ታውቀዋለህ። ጠምቶት ለስላሳ ገዝቶ፣ ሲከፍተው ካርድ የደረሰውን ሰውም የሚነቅፈው የለም። ያንተ ነገር ሌላ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ያደረግኸው ትክክል አይደለም፤ በዚህ ገንዘብ የተገዛ ጃንጥላም ስለት አይሆንም። ምክንያቱን ግን ረጋ ብለን እንየው። ምክንያቱ ሳይገባህ ብታቆም ነገ በሌላ መንገድ ትመለስበታለህ።

«ፋብሪካው ሀብታም ነው» ካልኸው ልጀምር። እንዲህ ያለ ፕሮሞሽን ላይ የሽልማቱ ብዛት የሚወሰነው ጠርሙሱ ገበያ ሳይወጣ ነው። ይህን ያህል ቴሌቪዥን፣ ይህን ያህል ካርድ ተብሎ በጀቱ ይያዛል። ክዳኑም በዚያው ልክ ይታተማል። ሽልማቱ ለአንተ ቢደርስ ወይም ለሌላ ሰው ቢደርስ ፋብሪካው የሚያወጣው ያው ነው። እንግዲያው አንተ ማታ ማታ እየለየህ ስትወስድ ፋብሪካው ምንም አልጎደለበትም። ታዲያ የጎደለው ከማን ነው?

ከደንበኞችህ ነው። ከገዳም ተሳልመው ከጀልባ ወርደው፣ ፀሐይ አቃጥሏቸው ወደ ሱቅህ ከሚመጡት እናቶች። ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፍ ከዋለው ልጅ። ሳንቲም አጠራቅሞ ለአንድ ለስላሳ ሦስት ሆኖ ከሚመጣው የሰፈር ሕፃን። እነዚህ ሁሉ አንተ የከፈልኸውን ያህል ከፍለዋል። የከፈሉትም ለመጠጡ ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ «ክዳኑን ከፍተው ይሸለሙ» ተብሎ ተጽፎ፣ ያንን አምነው ነው የገዙት። አንተ ግን ዕድሉን ከውስጡ አውጥተህ ከጨረስህ በኋላ ነው የሸጥህላቸው።

ዕቁብ ውስጥ ሆነህ አስበው። ዕጣው ተጠቅልሎ ቆብ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዞ የማን ስም እንዳለበት እያየ ቢያወጣ፣ «እኔም እንደ እናንተ ዕቁቤን ጥያለሁ» ማለቱ ያድነዋል? ዳኛው ዝም ይለዋል? ዕቁብተኛውስ? ያም ሆኖ ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰው ሰው አንድ ቀን ይደርሰዋል። ያንተ ደንበኞች ግን መቼም አይደርሳቸውም። ሁልጊዜ የሚመጡት አንተ ለይተህ ከጨረስህ በኋላ ነዋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበልብህ፣ አትቀየመኝ። «ከፍዬ ነው የወሰድሁት፤ አልሰረቅሁም» ብለህ ራስህን እንደ አንድ ገዥ ቆጥረሃል። አንተ ግን ሻጭ ነህ። በፈረንጆች 2004 አሜሪካ ውስጥ ፔፕሲ ከአፕል ጋር ሆኖ 100 ሚሊዮን ዘፈን በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ከሦስት ጠርሙስ አንዱ ያሸንፋል ተባለ። ገዥዎችም ልክ እንዳንተ ጠርሙሱን አዘንብለው ከክዳኑ ሥር ማንበብ እንደሚቻል ደረሱበት፤ ወሬውም ተዛመተ። እነርሱንም አላመሰግናቸውም። ነገር ግን ያ ገዥ መደርደሪያው ፊት የቆመው ከሌሎች ገዥዎች ጋር እኩል ሆኖ ነው። አንተ ዕቃው ለሰው ከመታየቱ በፊት እጅህ ይገባል። ባለሱቁ አምኖ ቁልፉን ሰጥቶሃል። አከፋፋዩ አምኖ አውርዶልሃል። ደንበኛው አምኖ ከእጅህ ይቀበላል። ያንን ሁሉ እምነት ነው የተጠቀምህበት። ነቢዩ አሞጽ ድሀውን የስንዴውን ግርድ ስለሚሸጡለት ነጋዴዎች በምዕራፍ 8 ላይ የተናገረውን አንብበው። ግርዱም እኮ በዋጋ ነው የተሸጠው።

አንድ ልጅ መጥቶ «ሽልማት ያለበትን ስጠኝ» ብሎህ አያውቅም? ብሎህ ይሆናል፤ ልጆች እንዲህ ይላሉ። ፈገግ ብለህ አንዱን አንሥተህ ሰጥተኸዋል። ባዶ መሆኑን እያወቅህ። በአፍህ ምንም አልዋሸህ ይሆናል። እጅህ ግን ዋሽቷል።

«ማስታወቂያው አይከለክልም» ላልኸው ብዙ አልመልስም። ባለሱቁ አጠገብህ ቆሞ ቢሆን በስልክህ መብራት ትለይ ነበር? ማታ፣ በር ዘግተህ ያደረግኸው ለምን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተህ ብልሃት ሁሉ ኃጢአት ነው እንዳትል። አንዳንድ መምህራን እንደዚያ እያልን ሰውን ያለ አግባብ እናስጨንቃለን። በፈረንጆች 1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ የአንድ የምግብ ኩባንያ ማስታወቂያ አነበበ። የምርቱን 10 መለያ ቆርጦ የላከ ሰው ለአውሮፕላን ጉዞ የሚሆን 500 ማይል ያገኛል ይላል። ቶሎ ለላከ ደግሞ እጥፍ ነው። ሰውየው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ከምርቱ ሁሉ ርካሹ በ25 ሳንቲም የሚሸጥ ጣፋጭ ምግብ መሆኑን አገኘ። 12,150 ገዛ። ብቻውን መለያውን ልጦ ስለማይጨርስ ምግቡን ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ፤ የድርጅቱ ሰዎችም እየላጡ አገዙት። 3,140 ዶላር ገደማ አውጥቶ 1.25 ሚሊዮን ያህል ማይል አገኘ። ይህን ሰው ምን ልበለው? ኩባንያው ግዙ አለ፤ ገዛ። ላኩ አለ፤ ላከ። የደበቀው ነገር የለም። እርሱ ስላገኘ የጎደለበት ሌላ ገዥም የለም፤ የላከ ሁሉ ያገኛልና። ኩባንያው ሒሳቡን በደንብ አልሠራም፤ እርሱ ሠራ። እኔ አልፈርድበትም።

ያንተን ከዚህ ጋር አስተያየው። እርሱ የተባለውን አደረገ። አንተ የተሸፈነውን ገልጠህ አየህ። እርሱ ሲያገኝ ማንም አልከሰረም። አንተ አንድ ክዳን በለየህ ቁጥር አንድ ሰው ሳያውቀው ዕድሉ አመለጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ለይተህ መውሰድህ አይደለም። «እመቤታችን የከፈተችልኝ በር» ያልኸው ነው። ይህን አነጋገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግርህ! የመብራት ቆጣሪው መቁጠር ያቆመለት ሰው ብሎኛል። በሐዋላ ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሮ የገባለትም ብሎኛል። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሌሊት ተበላሽቶ፣ ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ያወጡ ጊዜ ታስታውሳለህ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ሰሞን «እግዚአብሔር ድህነታችንን አይቶ ነው» ያሉ ጾመኞችና ቆራቢዎች ገጥመውኛል። የባንክ ብር ሲወስዱ ሌባ ነኝ አላሉም። ተባረክሁ አሉ። ኋላ ባንኩ መልሱ ሲል ብዙዎቹ መለሱ። መመለሳቸው መልካም ነው። ግን ከእግዚአብሔር ነው ያሉትን ነገር ፈርተው ሲመልሱ፣ መጀመሪያውኑ ከእርሱ አለመሆኑን ልባቸው ያውቅ ኖሯል ማለት ነው።

ሰው ይጸልያል። ከጸለየ በኋላ አንድ ቀላል ነገር ፊቱ ይመጣል። ወዲያው «መልሱ ይኸው» ይላል። ቀላል ስለሆነ፣ ጊዜው ስለገጠመ፣ ማንም ስላላየው። ቅዱስ መጽሐፍ ግን ይህን ፈተና ቁልጭ አድርጎ ጽፎልናል። 1ኛ ሳሙኤል 24ን ክፈት። ሳኦል ዳዊትን ሊገድል ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ያሳድደዋል። ዳዊትና ሰዎቹ ዋሻ ውስጥ ተሸሽገዋል። ሳኦል ብቻውን ወደዚያው ዋሻ ገባ። አላያቸውም። ከዚህ የበለጠ የተከፈተ በር አለ? የዳዊት ሰዎች ያሉትን ስማ። እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ እሰጥሃለሁ ያለህ ቀን ዛሬ ነው አሉት። የእግዚአብሔርን ስም ጠርተው ነው የመከሩት! ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆረጠ። ስለዚያችም ስለ ቁራጯ ልቡ ተመታ ይላል መጽሐፉ።

ዳዊት ዙፋኑ ቃል ተገብቶለት ነበር። ቅባቱንም ተቀብሏል። አጋጣሚውም ተመቻችቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አጋጣሚውን እንደ ፈቃድ አልቆጠረውም። የተፈቀደለትን ነገር ባልተፈቀደ መንገድ መውሰድ አልፈለገም። አንተም የራስህ ሱቅ እንዲኖርህ መመኘትህ መልካም ነው፤ እመቤታችንም ልመናህን አትንቅም። ግን ቀዳዳ ስላገኘህ ብቻ በቀዳዳው መግባት አለብህ ማለት አይደለም። አንዳንድ በር የሚከፈተው አንገባም እንድንል ነው። ዳዊት ከዋሻው የወጣው ንጉሥ ሆኖ አይደለም። ንጉሥ ሊሆን የሚገባው ሰው መሆኑ ግን እዚያ ታየ።

የተሳልህበትን ቦታ ራሱን አስበው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት የለም። ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ሥርዓት ነው ብለው ትውልድ ለትውልድ ጠብቀውታል። መሬቱ ለእርሻ እንቢ ብሎ አይደለም፤ ቢታረስ ያበቅላል። ሰዎቹ ግን በቡናና በጌሾ ይኖራሉ። ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርጉ ኖሮ ያ ደን ዛሬ አይኖርም ነበር። አንተ ኪዳነ ምሕረት ለመሳለም በዚያ ደን ውስጥ ነው የተጓዝኸው። የምትችለውን ትተህ የተገባውን መያዝ ምን እንደሚመስል በዓይንህ አይተኸው መጥተሃል።

አንድ ሌላ ቦታ ደግሞ ላሳይህ። ይህን ብዙ ሰው አንብቦት ያልፋል። የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ግብፅ ወርደው ሲመለሱ፣ የከፈሉት ብር በየስልቻቸው አፍ ተመልሶ አገኙት። ረሃብ ነው። ብሩ የራሳቸው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። አባታቸው ያዕቆብ ግን «መልሳችሁ ውሰዱ» አላቸው። «ምናልባት በስሕተት ይሆናል» አለ፤ ዘፍጥረት 43 ላይ ነው። እግዚአብሔርን የሚያውቅ ሽማግሌ በስልቻው ብር ሲያገኝ መጀመሪያ ያሰበው ይህን ነው። ተባረክን ብሎ አልዘለለም። የሌላው ሰው ስህተት ቢሆንስ አለ።

ከዚያ ምን ሆነ? ልጆቹ ብሩን ይዘው የዮሴፍ ቤት አዛዥ ዘንድ ሄዱ። ይኸው ብራችሁ አሉት። አዛዡም አትፍሩ አላቸው። አምላካችሁ በስልቻችሁ የሰጣችሁ ነው፤ ብራችሁስ ደርሶኛል አለ። አየህ ልጄ? «እግዚአብሔር የሰጣችሁ ነው» የሚለው ቃል የተነገራቸው ብሩን መልሰው ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው። የተናገረውም የሚመለከተው ባለአደራ ነው። እነርሱ ራሳቸው ለራሳቸው አላሉትም። በስህተት የመጣን ነገር በረከት ነው ብሎ ማወጅ የተቀባዩ ሥልጣን አይደለም። ወስደህ አሳይ። ባለቤቱ «ይሁንህ» ካለህ ያኔ እግዚአብሔር ይመስገን በል። አንተ ግን ሳታሳይ፣ ሳትጠይቅ፣ በስልክህ መብራት እያየህ ለራስህ ባረክኸው። ላይ ላዩን ደግሞ የእመቤታችንን ስም ጠራህበት። ይህ ነው የከበደኝ። የራሳችንን ምኞት በቅዱሳን ስም ስናትም ኋላ ንስሐ መግባት እንኳ ይከብደናል። ሰው ከበረከት ንስሐ አይገባማ።

እንግዲህ ጃንጥላው። «አሥራቱን አውጥቻለሁ» ስትል፣ ከፊሉን ለእግዚአብሔር ብሰጥ የቀረው ይነጻልኛል የሚል ሐሳብ ውስጡ አለ። ይህን ሐሳብ ከብዙ ነጋዴዎች ሰምቼዋለሁ። ሽልማትን በሚመለከት አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገርህ። ማክዶናልድስ የሚባለው የምግብ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ሞኖፖሊ የሚል የሽልማት ጨዋታ ነበረው። ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ሌላ ድርጅት ነው። የዚያ ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ፣ ማለትም አሸናፊ ወረቀቶቹ እንዳይሰረቁ እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው፣ ከ1989 ጀምሮ ራሱ እየሰረቀ ለሚያውቃቸው ያድል ነበር። በ2001 እስኪያዝ ድረስ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ሽልማት በዚህ መንገድ ሄዷል። በመካከሉ፣ በ1995፣ ሜምፊስ ከተማ ላለው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ስም የሌለው ፖስታ ደረሰ። ውስጡ የ1 ሚሊዮን ዶላር አሸናፊ ወረቀት ነበረ። ሕዝቡ ማነው ይህ ደግ ሰው አለ። ማክዶናልድስም ሽልማቱን ለሕፃናቱ ለመክፈል ፈቀደ። ኋላ ሲጣራ የላከው ያው የጥበቃ ኃላፊ ነው።

የታመሙ ሕፃናት መረዳታቸው መልካም ነው፤ በዚህ ማንም አይከፋም። ግን ያ ሰው ምጽዋት ሰጠ? ከምን ሰጠ? ያ ወረቀት ተራውን ጠብቆ ምግቡን ገዝቶ ለሚልጠው ለማይታወቅ ሰው የሚደርስ ነበር። የሰው ገንዘብ ሰጥቶ የራሱን ልብ አሳረፈበት። ከሰጠ በኋላም መስረቁን አላቆመም። ይህ ነው አደጋው። እንዲህ ያለ ስጦታ ኃጢአቱን አያስተውም፤ ለመቀጠል ጉልበት ይሰጣል። መጽሐፈ ሲራክ ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው፣ ልጁን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያመሳስለዋል። ዮሐንስ አፈወርቅም ከቅሚያ የሚወጣ ምጽዋትን አጥብቆ ይቃወማል። በአንተ ጃንጥላ ላይ የዚያ የሕፃን ሳንቲም አለበት። እመቤታችን በዚያ ጥላ ሥር እንድትከብር አትፈልግም።

ስለቱ ግን ቀረ አልልህም። ተስለሃል። ስለቱ ገንዘብ ካገኘሁ የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ የተገኘ ገንዘብ ስላልሆነ ጊዜው ገና አልደረሰም። በደመወዝህ ጧፍ ገዝተህ ሂድ፣ ዕጣን ገዝተህ ሂድ። ጃንጥላው በወዝህ የሚገዛበት ቀን ሲመጣ ይገባል። ዝርዝሩን ለንስሐ አባትህ ንገረው። እኔ መምህር ነኝ፤ የሚያስርና የሚፈታው እርሱ ነው።

አሁን ምን ታድርግ? ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል አዝናለሁ ብቻ ብሎ አልተቀመጠም፤ እመልሳለሁ አለ። አንተም ትመልሳለህ። መለየቱን ከዛሬ ጀምረህ አቁም። ቴሌቪዥኑን አትሽጠው፤ ሽልማቱ በተሰጠበት መንገድ ወደ ፋብሪካው ይመለስ። የሸጥኻቸውን ካርዶች ዋጋ ደምረህ ጻፈው። በአንድ ጊዜ ከሌለህ ከደመወዝህ እየቆጠብህ ክፈለው። የፋብሪካው ሰዎች «ውሰደው፣ ይቅር ብለንሃል» ካሉህ ያ የእነርሱ ፈቃድ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ደንበኞችህን አስብ። ዕድላቸው ያመለጣቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ልታገኛቸው አትችልም። ስለዚህ የእነርሱን ድርሻ ለድሆች ስጥ። በዚያ አካባቢ ማን እንደተቸገረ ታውቃለህ። ስትሰጥ በስለት ስምም በአሥራት ስምም አይሁን። የአንተ ስጦታ አይደለም፤ ለእነርሱ ያለብህ ዕዳ ነው።

ያየኸውን ጉድለትም ለፋብሪካው ንገር። በፈረንጆች 2003 ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚፋቅ ሎተሪ ሳይፋቅ አሸናፊው የሚታወቅበትን መንገድ አገኘ። በላዩ ላይ ከሚታዩት ቁጥሮች ብቻ ነው ያወቀው። ለሎተሪው መሥሪያ ቤት ነገራቸው፤ መጀመሪያ አልሰሙትም። 20 ያልተፋቁ ትኬቶችን አሸናፊና ተሸናፊ ብሎ ለይቶ ላከላቸው። 19ኙ ልክ ሆኑ። ጨዋታው ከገበያ ወጣ። ይህ ሰው የእኛን ቅዱሳት መጻሕፍት ይወቅ አይወቅ አላውቅም፤ ያደረገው ግን ያዕቆብ ልጆቹን ያዘዛቸውን ነው። አንተም ለአከፋፋዩ፣ ጠርሙሱ ሲዘነበል ይታያል በለው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ያየ ሱቅ ጠባቂ አንተ ብቻ አትሆንም።

ከሁሉ የሚከብድህ ለባለሱቁ መንገር ነው፤ አውቃለሁ። ሥራዬን አጣለሁ ብለህ ትፈራለህ። አታጣም ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም። ግን ከሌላ ሰው ሲሰማውና ከአፍህ ሲሰማው አንድ አይደለም። ብቻህን መሄድ ከከበደህ የንስሐ አባትህን ወይም ባለሱቁ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። በአገራችን ደንብ ይህ አያሳፍርም። ሰበብ አታብዛ፤ ፕሮሞሽኑን፣ ፋብሪካውን፣ ድህነትህን አትጥራ። ያደረግኸውን ንገረው፣ የምትመልሰውን ንገረው፣ ይቅር በለኝ በለው።

ሱቅ ውስጥ የቀሩት ጠርሙሶችስ? ለይተህ ያስቀመጥሃቸው ሽልማት ያለባቸው ካሉ አትክፈታቸው፤ ለባለሱቁ በስንት እንደሆኑ ቆጥረህ አስረክብ። ባዶ መሆናቸውን የምታውቃቸውን ከባለሱቁ ጋር ተመካክራችሁ ወይ ለአከፋፋዩ መልሱ፣ ወይ ሽልማት እንደሌለባቸው ለገዥው እየነገራችሁ ሽጡ። ያ ሕፃን ዳግመኛ መጥቶ «ሽልማት ያለበትን ስጠኝ» ካለህ እኔም አላውቅም በለው፤ ከፍሪጁ ራሱ መርጦ ያንሣ።